ልቦለዴ ለመስከረም 2020 ተቀጥሯል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ሲስተር፣ ጡረታው እንዴት ይዞዎታል?» ነው። ሁለተኛው «መጽሐፉስ መቼ ነው የሚወጣው?» ነው። ለመጀመሪያው እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ አልፋለሁ። ለሁለተኛው ግን ቁርጥ ያለ መልስ አለኝ፤ መስከረም 2020 ዓ.ም.፣ ቢዘገይ ጥር። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። «ጽፈው ጨርሰው የለ እንዴ? ማተም ሁለት ዓመት ይፈጃል?» ይሉኛል።

ለሚስቁት ብቻ ሳይሆን፣ ሣጥን ውስጥ የተጻፈ ደብተር አስቀምጠው ለማንም ላልነገሩ እናቶችና አባቶችም ስል ነው ዛሬ ይህን የምጽፈው። እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት አይደለም። እኔ በማውቀው እንኳ ጡረተኛ መምህር፣ የቀድሞ ወታደርና የከባድ መኪና ሾፌር አሉ። ሁሉም የሚጽፉት አላቸው፤ ያጡት ቀጠሮ ነው።

እኔ በመተማ ቆላ ጤና ጣቢያዎች ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት አገልግያለሁ። አሁን የምኖረው ገንዳ ውሃ ነው። ልቦለዴ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርዶ በካላአዛር ስለታመመ አንድ ወጣትና ስላስጠጋችው ሻይ ሻጭ ሴት ይተርካል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣሁ ጻፍኩት። በእኛ አገር ረፋዱ አራት ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ ስለሚበረታ እስክሪብቶው ከእጅ ላይ ይንሸራተታል። በዚህ ሁኔታ ዘጠኝ ደብተር ሞላ፤ 600 ገጽ ገደማ የእጅ ጽሑፍ ማለት ነው።

ዕድሜን በተመለከተ የሚያሳስበው ካለ አንድ ነገር ላስታውስ። ሀዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሃምሳን ከተሻገሩ በኋላ መሆኑ ነው። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ተከተለ፤ «የልም እዣት» ሲወጣ ዘመኑ 1980 ነበር፤ ያን ጊዜ ሰባዎቹን ሊያገባድዱ ተቃርበዋል። ርቀትን በተመለከተም ቢሆን፣ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው የሰየሙትን፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ በ1900 ዓ.ም. ያሳተሙት ሮም ላይ ነው። ከገንዳ ውሃ አዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ከዘጌ ሮም ጋር ሲተያይ የእኔው ቅርብ ነው።

በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ የሚባል የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ ጸሐፊው ረቂቁን ይሰጣል፣ ድርጅቱ ያሳትማል። ዛሬ የግል አሳታሚዎች ቢኖሩም፣ ስሙ ላልታወቀ ጀማሪ ወጪውን ሸፍኖ የሚያሳትም ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ጀማሪ የራሱ አሳታሚ ራሱ ነው። ለአርታኢው የሚከፍል፣ ሽፋን የሚያሠራ፣ ከማተሚያ ቤት ጋር የሚዋዋል፣ ካርቶኑን የሚያወርድ እሱ ነው። የራስ አሳታሚ መሆን ማለት ደግሞ የራስ ቀጠሮ ሰጪ መሆን ማለት ነው።

ቀጠሮ አሰጣጥ ከሙያዬ ይዤው የወጣሁት ነገር ነው። ነፍሰ ጡር ስትመጣ የመውለጃዋን ቀን አስልተን እንነግራት ነበር። ከ100 እናቶች በዚያችው ቀን የሚወልዱት ግን አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ከ37 እስከ 42 ሳምንት ባለው ውስጥ ከተወለደ ጊዜውን ጠብቋል እንላለን። እኔም ለመጽሐፌ የሰጠሁት አንድ ቀን ሳይሆን አንድ ወቅት ነው። መስከረም የታሰበበት ጊዜ ሲሆን፣ ከመስከረም እስከ ጥር ያለው አራት ወር ደግሞ መንገድ ቢዘጋ፣ መብራት ቢጠፋ ወይም ብታመም ብዬ የተውኩት መጠባበቂያ ነው።

ዕቅዴ እንዲህ ነው። መስከረምና ጥቅምት 2018 ደብተሮቹ ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ይቆያሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ሁለተኛው ጽሑፍ ይሠራል። ከየካቲት እስከ ግንቦት በኮምፒውተር ይተየባል። ሰኔና ሐምሌ ሦስት ሰዎች ያነቡታል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት 2019 በእነሱ አስተያየት መሠረት አርመዋለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር አርታኢው ይይዘዋል። የካቲት የአርታኢው እርማት የሚገባበት ወር ነው። መጋቢትና ሚያዝያ የገጽ ቅንብር፣ የሽፋን ሥራና የመጨረሻ እርማት ነው። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ማተሚያ ቤት ይገባል። ነሐሴ ማጓጓዣ ነው። ቢቆጠር ሃያ አራት ወር ይሞላል።

በጣም የተተቸሁት በመጀመሪያው ሁለት ወር ነው። «ምንም ሳይሠራበት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ምን ይሉታል?» ተብያለሁ። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒት በጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሳሉ ይቀልለዋል፣ ምግብ ይስማማዋል፤ «ድኛለሁ፣ ልሂድ» ይላል። ሕክምናው ግን ስድስት ወር ነው። ረቂቅም በተጠናቀቀ ማግስት ጤነኛ ይመስላል። ለጸሐፊው ሁሉም ዓረፍተ ነገር ያምርበታል። ሁለት ወር ቆይቼ ስከፍተው፣ አንዱን የቀብር ትዕይንት ሁለት ቦታ ጽፌው አገኘሁት። አንድ ሙሉ ደብተር ደግሞ ቢወጣ ታሪኩ የማይጎዳ ሆኖ ታየኝ፤ አወጣሁት።

አንድ የማውቃቸው የቀድሞ መምህር መጽሐፋቸው ለልጃቸው ሠርግ እንዲደርስ ብለው በሦስት ወር ውስጥ አሳተሙት። በአንደኛው ምዕራፍ ታደሰ የነበረው ባለ ታሪክ ዘጠነኛው ላይ ታረቀኝ ሆኗል። ሠርጉ በሰላም አለፈ፤ 1,000ው ቅጂ ግን አብዛኛው አልጋ ሥር ነው። ቆላ ስለሆነ ካርቶኑን ምስጥ ጀምሮታል። መምህሩ ጥሩ ጸሐፊ ናቸው። የተጎዱት ጊዜ በማጣት ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ በዕቅዴ ውስጥ ከባዱ ነበር። ምክንያቱ የቋንቋ ጉዳይ አይደለም። የነርስ ልቦለድ ከሰው ገመና አጠገብ ነው የሚያልፈው። ሥራ ስጀምር የሕመምተኛን ምስጢር ልጠብቅ የገባሁት ቃል ከእኔ ጋር ጡረታ አልወጣም። በትልቅ ከተማ ስም መቀየር ይበቃ ይሆናል። ገንዳ ውሃ ላይ ግን አንዲት ሻይ ሻጭ፣ የወርቅ ጥርስ ያላት፣ ከመናኸሪያው አጠገብ የምትሠራ ብዬ ከጻፍኩ ስሟን ብለውጠው ምን ይፈይዳል? አንባቢው ሁሉ ያውቃታል።

ስለዚህ ሦስት ወሩን በሙሉ በአንድ ጥያቄ ነው ያሳለፍኩት፤ ይህን ሰው የሚያውቅ ሰው በዚህ ገጽ ላይ ያገኘዋል ወይ? ሦስት ሴቶችን አዋሕጄ አንዲት አደረግኋት። ሥራዋን፣ ሰፈሯን፣ የልጆቿን ቁጥር ለወጥኩ። የበሽተኛውን ወጣት አገር ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላ አዛወርኩ። ካርድ ላይ ያየሁትንና ታማሚ በጆሮዬ የነገረኝን ነገር በሙሉ አወጣሁ፤ የቀረው ማንም በገበያ መንገድ ሊያየው የሚችለው ብቻ ነው።

ይህም ሆኖ አንድ ምዕራፍ አላስተኛኝ አለ። በሕይወት የሌለች አንዲት ሴትን ያስታውሳል። ልጇ እዚሁ ከተማ ነው የምትኖረው። አንድ ቅዳሜ ቡና ጠርታኝ ሄድኩና ጉዳዩን ነገርኳት። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እትዬ፣ የጆሮ ጉትቻዋን ያውጡት። እሱን የማያውቅ የለም። ሌላው ይቆይ፤ እንዲህ ነበረች» አለችኝ። ጉትቻው ወጣ። ይህ አንድ ቡና በዕቅዴ ላይ የተጻፈ ሥራ ነው። ስለምትወዱትም ሆነ ስለቀበራችሁት ሰው የምትጽፉ ሁሉ፣ እንዲህ ያለውን ጉብኝት የጊዜ ሰሌዳችሁ ውስጥ አስገቡት። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የሚጠየቅ ይቅርታ ያችን ጉትቻ አያወጣትም።

አሁን ያለሁት መተየቡ ላይ ነው። ታይፒስቷ አሥረኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ ናት። ሒሳቡን አብረን ሠራን። በአንድ ምሽት ዘጠኝ ገጽ፣ በሳምንት አራት ምሽት፣ 36 ገጽ። 600ውን ለ36 ስናካፍለው 17 ሳምንት ያህል ወጣ፤ እሱም አራት ወር ነው። ያወጣሁት ደብተር ገጾች ለመብራት መጥፊያ ተያዙ። የፈተና ሳምንት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይዘጋል፤ ይህ ከእናቷ ጋር የገባነው ውል ነው። ክፍያዋም የታወቀ ነው፤ በገጽ ይታሰብላታል። የልጅን ጉልበት በምርቃት ብቻ ማለፍ አይገባም።

ከክፍያው በላይ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። እየተየበች ትጠይቀኛለች። «እማማ፣ ኩራዝ ምንድን ነው?» አለችኝ አንድ ቀን። በጠርሙስ ነጭ ጋዝ ሞልተን፣ በፈትል እያበራን እንዴት ሌሊት እንደምናዋልድ ነገርኳት። «ይህ ታዲያ ለምን መጽሐፉ ውስጥ የለም?» አለች። አሁን አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ከአንድ ገጽ ላይ ተነሥታ ወጥታ ውጭ ቆማ አገኘኋት። ወጣቱ መርፌውን የሚቆጥርበት ገጽ ነበር። ካላአዛርን ድሮ 30 ቀን ሙሉ በየቀኑ እየወጋን ነበር የምናክመው፤ ኋላ ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ 17 ቀን ሆነ። «30 ቀን በሙሉ በየቀኑ?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ከቤተሰቤ ውስጥ አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀልኝ ያን ማታ ነው።

ስለ መተየብ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። ጽሑፉ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ይሁን። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተየበ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። ቅጂውም አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ። ክልላችን ውስጥ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምታስታውሱት ነው። ስለዚህ አንድ ፍላሽ እኔ ዘንድ፣ አንድ አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ፣ ደብተሮቹ ሣጥን ውስጥ ናቸው። መንገድ የሚሄድ የታመነ ሰው በተገኘ ቁጥር የልጄ ፍላሽ ይታደሳል።

ሦስቱን አንባቢዎች መርጫለሁ። አንዷ አብራኝ የሠራች አዋላጅ ናት፤ የሙያ ስሕተት አታሳልፍም። ሁለተኛው የአማርኛ መምህር ናቸው። ሦስተኛው ልቦለድ አንብበው የማያውቁ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ያነብላቸዋል። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ በሂላ ሲቆም፣ ቆይቶ አፉን ሲከፍት፣ ሳይራገፍ ቢዘገይ መሬት ላይ ሲፈስ ምን እንደሚመስል እኔ ያየሁት ከመንገድ ዳር ነው። እሳቸው ኖረውበታል። እነሱ የሚያነቡት ክረምት ከመግባቱ ጋር ነው፤ ለገበሬው ግን የዘር ጊዜ ስለሆነ ሁለት ወር ሰጠኋቸው።

አርታኢው ሦስት ወር ለምን ያስፈልገዋል የሚል ካለ፣ «ፀሐይ»ን በአንዱ ገጽ በ«ፀ» በሌላው በ«ጸ» እንደጻፍኩ ልጥቀስ። «ሠ»ና «ሰ»፣ «ሀ»ና «ሐ»ም እንዲሁ። አርታኢ አንድ መንገድ መርጦ ከዳር እስከ ዳር ያስተካክላል። ከዚያ በላይ ደግሞ «ይህ ሰው እዚህ ለምን ዝም አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የገጽ ቅንብር ሲሠራም ቁጥሩ መታወቅ አለበት። አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ስለሚወጣው፣ መጽሐፉ 275 ገጽ ቢሆን እስከ 288 መድረሱ አይቀርም። ወይ ሦስት ገጽ ተቀንሶ 272 ይሆናል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩንም በዚሁ ጊዜ ወመዘክር ብለን ከምንጠራው ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ማውጣት ይገባል፤ ከታተመ በኋላ ሽፋን ላይ አይጻፍም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። ወረቀት ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዋጋው ዛሬ እንደሰሙት ነገ አይገኝም። የጠየቅኩት ማተሚያ ቤት የሰጠኝ ዋጋ የሚጸናው ለጥቂት ቀን ብቻ መሆኑ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ገንዘቡ በእጅ ሳይኖር ማተሚያ ቤት ደጅ መቆም ትርፉ ድካም ነው።

ለስሌት እንዲመች ቁጥር እንውሰድ። አንዱን ቅጂ ማተም 200 ብር ቢፈጅ፣ 1,000 ቅጂ 200,000 ብር ይሆናል። ለመተየብ፣ ለአርታኢ፣ ለሽፋንና ለማጓጓዣ 50,000 ይጨመር፤ 250,000 ሆነ። መሸጫው 400 ብር ቢሆንና አከፋፋዩና መደብሩ ከመቶ 40 ቢወስዱ፣ ለጸሐፊው የሚቀረው 240 ነው። 250,000ን ለ240 ስናካፍል 1,042 ቅጂ ይሆናል። ልብ በሉ፣ ያለን 1,000 ብቻ ነው! ሁሉም ቢሸጥ እንኳ ኪሳራ ነው ማለት ነው። አሁን 300ውን ቅጂ በራሳችን እጅ፣ በዕድሩ፣ በሰንበቴው፣ በድሮ መሥሪያ ቤት፣ በሙሉ ዋጋ ብንሸጥስ? 120,000 ብር ይገባል። የቀረው 130,000 በአከፋፋይ በኩል ሲሸጥ 542 ቅጂ ይበቃዋል። በድምሩ 842። ይህን ሒሳብ ከመታተሙ በፊት የሠራ ሰው ቅጂውን ይቀንሳል ወይም ዋጋውን ያስተካክላል፤ ቢያንስ 300 ሰው ከወዲሁ መቁጠር ይጀምራል።

እኔ ከጡረታ አበሌ አልነካም፤ ቤትም አላስይዝም። በመስከረም 2018 የሃያ ሰው ወርኃዊ እቁብ ገባሁ። ዳኛውን «የመጨረሻውን ዕጣ ለእኔ ይተዉልኝ» ስላቸው፣ በእቁብ ዳኝነታቸው እንዲህ ያለ ልመና ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ሰው ሁሉ መጀመሪያውን ነው የሚሻማው። ሃያኛው ወር ሚያዝያ 2019 ነው፤ ግንቦት ላይ ማተሚያ ቤት እገባለሁ። ገንዘቡ ቀድሞ ቢደርሰኝ ኖሮ ለጣሪያ፣ ለለቅሶ፣ ለልጆች ትምህርት ሲባል ያልቅ ነበር። ምናልባትም ያልበሰለ መጽሐፍ እንዳሳትም ይገፋፋኝ ነበር።

አዲስ አበባ ያለው ልጄ በዚህ ሁሉ አልተስማማም። «እማዬ፣ ዕድሜሽን አስቢ እንጂ! ገንዘቡን እኔ ልስጥሽና ለፋሲካ ይውጣ» አለኝ። ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አልተቆጣሁም። ነገር ግን እኔ 64 ዓመቴ መሆኑን ከእሱ ይልቅ አውቀዋለሁ። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ የግራ ዓይኔ ሞራ ጀምሮታል። ዕቅድ ያወጣሁትም ለዚሁ ነው። መቸኮል ዕድሜ አይጨምርም። ዕቅድ ግን፣ እኔ ብቀር እንኳ ሌላ ሰው አንሥቶ ሊጨርሰው ይችላል። የትኛው ወር ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ፍላሹ የት እንዳለ፣ የአርታኢው ስልክ፣ የእቁቡ ዕጣ፣ ያች ጉትቻ ለምን እንደወጣችና እንዳትመለስ ጭምር አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ በፖስታ አሽጌ ለልጄ ላክሁለት። አንብቦ ደወለልኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «እሺ፣ መስከረም 2020» አለኝ።

ልጆቻችን ይህን ማወቃቸው ለሌላም ይጠቅማል። በአገራችን የቅጂ መብት ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ድርሰት ደራሲው ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይጠበቃል። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ ነው። ደብተሩ ሳይታተም ቢቀር እንኳ የቤተሰብ ንብረት ነውና፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ለሱቅ መጠቅለያ የሚሄድ ነገር አይደለም።

ሣጥን ውስጥ ደብተር ላላችሁ የምመክረው አጭር ነው። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ግዙ። መጽሐፉ እጃችሁ እንዲገባ የምትፈልጉበትን ወር አክብቡና ወደ ኋላ ቁጠሩ። የእርሻውን፣ የፈተናውን፣ የጾሙንና የክረምቱን ወራት ከሒሳቡ አታውጡ፤ ሥራው የሚሠራው በእነሱ መካከል ነው። ያገኛችሁት ወር ላይ አራት ጨምሩ። ከዚያ ለምትወዱት አንድ ሰው ቀኑን ንገሩት፤ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ቀጠሮ ይረሳል።

እኛ ቤት ዛሬ 214ኛው ገጽ ላይ ነን። ማታ መብራት ካልጠፋ ዘጠኝ እንጨምርበታለን።